ሸክላው በግራ በኩል

ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ የፒክአፕ ሹፌር አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ መካኒክ ያማክራል።

«ፍሬን ስይዝ መኪናዬ ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች።»

«የቱን ጎማ አስፈታህ?»

«የቀኙን ነዋ! የፍሬን ሸራውን ሁለቴ ቀየርኩ።»

«ቀኙማ እየያዘ ነው ልጄ። አልይዝ ያለው የግራው ነው።»

«ወደ ቀኝ እየጎተተችኝ ግራው ምን አደረገ?»

«ምንም ስላላደረገ ነው እኮ!»

«እ... አልገባኝም አባባ።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ከቀጨኔ ቁልቁለት የሸክላ ድስት ጭኜ እወርዳለሁ።»

«በዚህ ፍሬን? እንዴት አድርገህ?»

«ድስቱን በግራ በኩል አበዛዋለሁ።»

የታክሲያችን ሹፌር በመስታወቱ ሽማግሌውን አያቸው።

«አባባ፣ ይቺ ደግሞ ወደ ግራ ነው የምትጎትተው፤ የቱን ላስፈታ?»

እኔ በግራ መስኮት በኩል ተቀምጬ ስለነበር ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ ተጠጋሁ።