ሐራ ያሉት ሰውዬ

ነይ ሃረጌ፣ እዚህ ጥላው ውስጥ ግቢ፣ ፀሐይ አይምታሽ። ልጅሽ ሶስና ከወልዲያ መጣች አሉ፤ እሰይ፣ እንኳን ዓይንሽ አያት። ማንጎሽንም በመንገዴ አየሁት። ማሻአላህ፣ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ቦዩ ራስ ላይ፣ ውሃው ከሚነሣበት፣ የተተከለ ነገር ምን ይሆናል ብለሽ… የኔ ሽንኩርት? ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ገለባ ሆነ እንጂ ደህና ነው።

ስብሰባው እስኪጀመር ላጫውትሽ። ሐራ በኩል አንድ ሰውዬ አሉ አሉ። ሐራ ነው ያልኩሽ፣ የኛን መርሳ አላልኩም። ደግሞ ወደ ኋላ አትዙሪ። ከኋላችን ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡት የመስኖ ኮሚቴያችን ሊቀመንበር ናቸው፤ እሳቸውን ከሐራ ጋር ምን አገናኛቸው? ኋላ እኔን፣ ዓቢዳ እሳቸውን ተናገረች እንዳይሉኝ።

የሐራው ሰውዬ ገና ወጣት ናቸው፤ አንቱ የምላቸው ለዲግሪያቸው ነው። ሁለት ዲግሪ አላቸው፣ ሁለቱም ስለ መልካም አስተዳደር። ከሳቸው በፊት እዚያም እንደኛ የውሃ አባት ነበራቸው፤ የቦዩን ውሃ በተራ የሚያካፍሉ ሽማግሌ፣ ልክ እንደኛው ሼህ አብዱልሐሊም ፊደል ያልቆጠሩ። አሠራራቸው ያሳፍራል… ቦዩ ሲከፈት የጉሎ ቅጠል ቀጥፈው ውሃው ላይ ይጥሉና ከቅጠሉ ጋር እኩል በእግራቸው ይወርዳሉ። ቅጠሉ ማሳሽ ሲገባ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ያንቺ ተራ ከዚያ ይጀምራል። በዚህ ዘመን ሕዝብ በቅጠል ይተዳደራል?

ሰውዬው መጡና ቅጠሉን አስቀሩልን። አስቀሩላቸው ማለቴ ነው። ለየማሳው እኩል ሦስት ሰዓት፣ ከራስ እስከ ግርጌ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል። እንዲህ ያለ ፍትሕ የት ይገኛል? የተራው ሠንጠረዥ ባለቀለም ነው፣ በላስቲክ ተለብጦ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ዝናብ እንዳያበላሸው ነው አሉ። ዝናብማ ከመጣ ተራው ምን ይሠራልናል… ለነሱ፣ ለሐራዎቹ።

እዚያ አንዲት ሴት አለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋ ቦዩ ግርጌ ያለ። ስሟ ጠፋኝ። ተራዋ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ከራሱ ይከፈትላታል፣ ውሃው መንገድ ይጀምራል። ቦዩ ደግሞ ደረቅ አፈር ነው፤ ሲጠጣ ሲጠጣ ቆይቶ የተረፈው እሷ ጋ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አካፋዋን አንስታ ቢስሚላህ ብላ ሁለት መደብ እንኳ ሳታጠጣ አራት ሰዓት ይሞላል፣ ይዘጋል። ሦስት ማክሰኞ እንዲህ ሆነች። ልጆቿን የምታበላው በዚያ ሽንኩርት ነው፣ ሌላ ምንም የላትም።

ሄዳ ነገረቻቸው። የሰውዬው አደማመጥ ደግሞ… ወላሂ፣ እንደሳቸው ያዳመጣት ሰው የለም። ወንበር ሰጥተው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሁሉን ጻፉላት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍተው ማሳዋን አሳዩዋት። አረንጓዴ ነው። «ድርሻዎ መቶ በመቶ ተሟልቷል» አሏት። ውሃው እኮ መንገድ ላይ ይቆያል ብትላቸው፣ «በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ይህን ያህል የሚያሳስብ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ማን ጠምቶት ያውቃል? አመስግና ወጣች። ምነው ሽንኩርቱን እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ በዘራሁት ኖሮ አለች አሉ።

ትምህርት ጠላሽ እንዳትይኝ። ሲሪንቃ ያሉት የእርሻ ተመራማሪዎችስ አልተማሩም? አምና መጥተው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃዬ ውስጥ ገቡ፣ አፈሬን በእጃቸው ፈረፈሩት። ኧረ ትቆሽሻላችሁ ብላቸው ሳቁብኝ። የሐራው ሰውዬ ግን ንጹሕ ናቸው። ጫማቸውን አየሽው? እንዴት እንደሚያበራ… ለካ ሐራ ናቸው፣ የት ታይዋለሽ።

አሁን ሊጀመር ነው መሰለኝ። ሠንጠረዡ ይቀጥል ወይስ ሼሁ ከነቅጠላቸው ይመለሱ፣ እጅ አውጡ እንባላለን። ግርጌ ያለነው ስድስት ነን፣ ራስ ላይ ያላችሁት ሰባት። አንድ እጅ ነው እንግዲህ የጎደለን… አንቺን ማለቴ አይደለም። ሦስት ሰዓቷን ሙሉ የምታጠጣ ሴት ምን ብላ እጇን ታወጣለች? ልጆቻችን ከአንድ ሳህን እየበሉ ቢያድጉም፣ ያ ሌላ ነው፣ ውሃ ሌላ ነው።

ሊቀመንበሩ ተነሡ፣ ወዲህ እየመጡ ነው። ፈገግ በይ፣ ስለ ሶስና እያወራን ነው። እስኪ ለሐራው ሰውዬ ዱዓ ላድርግ፤ እኔ አሚን ልበል፣ አንቺ አሜን በይ። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ወረዳ ዞን ብሎ አይውሰድብን፣ እዚሁ ያኑርልን። የራሳቸው መሬት ይስጣቸው፣ ለም ለሙን፣ ከኔ ማሳ ቀጥሎ፣ ከግርጌም ግርጌ። ሽንኩርት ይዝሩበት፣ ልጅ ያሳድጉበት። ተራቸው በደረሰ ቁጥር ሦስት ሰዓታቸውን ልክ በሠንጠረዡ፣ አንዲት ደቂቃ ሳያጓድል ይስጣቸው። አሜን በይ እንጂ ሃረጌ… እጅሽን ከፍ አድርገሽ።