የራሱን ሙዚቃ በእህቱ ሠርግ ላይ የከፈተው ዲጄ

የሠርጉ እንግዳ ሁሉ ምሳ ላይ በተጠመደበት ሰዓት ዲጄው ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የወንበር ማስቀመጫ ክፍል ሹልክ ብሎ ገባ። ጉዳይ ኖሮት አይደለም፤ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ነው። ግን በሩን እንደዘጋ ከአክስቱ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። አዲሱ ጫማ እግራቸውን ልጧቸው ኖሮ፣ አውልቀው ተረከዛቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

እኚህ ሴት የእናቱ ታናሽ ናቸው። ሙዚቃ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን በስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን ሲያቀናብሩ የኖሩ፣ በቤተሰቡ ዘንድ ስለ ሙዚቃ ከተናገሩ የማይመለስባቸው ሰው ናቸው። ዲጄው በልቡ «አሁን ገና ጉዴ ፈላ» አለ።

የሸሸበት ምክንያት እንዲህ ነው። ዛሬ የምትዳረው እህቱ ናት፤ ሙዚቃውን የያዘው እሱ ነው። ጅማሬው የሚያስቀና ነበር። ሽማግሌውም ሕፃኑም ተነስቶ ሲጨፍር ሙሽራይቱ ጠጋ አለችና፣ ነፍሷን ይማርና እናታቸው ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉረውን ዘፈን እንዲከፍትላት ለመነችው። «ከአባባ ጋር ልጨፍርበት» አለችው። እሱ ግን «ቆይ» ብሎ ራሱ የሠራውን ሙዚቃ ከፈተ። አዳራሹ ረገብ አለ። ሰው ያልገባው መስሎት ማይክ አነሳና «ይህ የራሴ ሥራ ነው!» ብሎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ደገመው። ሙሽራይቱ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ማን ይቆማል? ምሳው ከሰዓቱ ቀድሞ የቀረበው ይህን ጉድ ለመሸፈን ነበር።

«ምነው ጆሮ፣ ምሳ አትበላም?» አሉ አክስቱ። ልጅ ሳለ ከሬዲዮ ሥር ስለማይጠፋ ቤተሰቡ «ጆሮ» ነው የሚለው።

«አልራበኝም፣ አክስቴ።»

«እንዴት ይርብሃል፣ የእህትህን ደስታ በልተህ።»

ፊቱ በእፍረት ቀላ። ቢሆንም ወጣት ነውና ዝም ብሎ አልተሸነፈም።

«ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ግን ይረዱኝ። ዛሬ ዲጄ መሆን ብቻውን ምንም አይደለም። ባልደረቦቼ ሁሉ የራሳቸውን ሙዚቃ ይሠራሉ። እኔን ‹አንተ በሰው ላብ የምታስጨበጭብ ቁልፍ ተጫኝ ነህ› ይሉኛል። ክረምቱን ሙሉ ከክፍሌ ሳልወጣ የሠራሁት ይህን ስም ለመፋቅ ነው።»

«ሥራህ መጥፎ ነው አላልኩም። መግቢያው ተንዛዛ እንጂ ከበሮው ደህና ነው።»

«ታዲያ ጥሩ ዲጄ አቀናባሪም መሆን የለበትም?»

«ቢሆን ይጠቅመዋል። ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው የት ቢቆርጠው እንደሚያበላሸው፣ የት ቢቀጥለው እንደሚያምር ያውቃል። ይጠቅማል ማለትና ግድ ነው ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ልብስ ሰፊ ሽመና ቢያውቅ እሰየው ነው። ደንበኛውን ሳይለካ ‹የሸመንኩትን ጨርቅ እዩልኝ› ካለ ግን ሰውየውን ራቁቱን ሰደደው።»

ዲጄው ሳቁ መጣበትና ዋጠው።

«እርስዎ ይህን ማለት አይከብድዎትም፣ አክስቴ። ስምዎ ሥራዎ ላይ አለ። ሰው በሌላ ሰው ዘፈን ሲጨፍር እኮ እኔ የሌለሁ ያህል ነው።»

«እኔ ስሠራ የማየው ግድግዳ ነው፣ ልጄ። ማን እንደደከመው፣ ማን መነሳት ፈልጎ እንዳፈረ አላይም። ሠርግ ላይ ሙዚቃ ያዢ ብትሉኝ በመስኮት ነው የምወጣው። አንተ ግን ታያለህ። ቅድም ያን ሁሉ ሰው ያስነሱት ዘፋኞቹ መሰሉህ? ያንኑ ዘፈን ሌላ ሰው ያለ ቦታው ቢከፍተው ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። የጠፋኸውስ የራስህን ስትከፍት ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር።»

«ስሜቱ ይዞኝ ነው።»

«ስለዚህ አባትህን አላየኸውም።»

«አባባ ምን ሆነ?»

አክስቱ ጫማቸውን አነሱ።

«እህትህ ዘፈኑን ስትጠይቅህ አይቶ ኮቱን ቆለፈና ተነሳ። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ቆሞ ጠበቀ። ሙዚቃህ አለቀ፤ ደገምከው። እሱም እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ ኮቱን ፈትቶ ተቀመጠ።»

ዲጄው እስካሁን ያፈረው ስለ ራሱ ነበር፤ ሥራዬ አልተወደደም ብሎ ነበር። አሁን ያፈረው ሌላ እፍረት ነው፤ ከአንገት በላይ አይደለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ምን ይዤ ነው የምገባው?» አለ በመጨረሻ።

«እፍረትህን ይዘህ ግባ። ማይኩን ግን እንዳትነካ።»

ገባም። ሙዚቃ መሥራቱን ማንም አልከለከለውም፤ ሙዚቃ መሥራት ደግ ነገር ነው፣ እውቀት ይጨምራል፣ ጆሮ ይገራል። ከጥሩ ዲጄ አስቀድሞ የሚፈለገው ግን ፊቱ የቆመውን ሰው ማየት ነው። ይህን የያዘ፣ አንድም ዜማ ሳይሠራ ቢኖር ሙያው ሙሉ ነው።

የእናታቸውን ዘፈን በሳህኑ ኳኳታ መሃል ዝግ አድርጎ ከፈተው። አባትየው ቀና አሉ። እጃቸው ወደ ኮቱ ቁልፍ ሄደ። ጉልበታቸው ግን እንደ ዘፈኑ አልፈጥን አለ፤ ዘፋኙ ሊጀምር ነው፣ እሳቸው ገና ከወንበራቸው እየተነሱ ነው። ዲጄው መግቢያውን ቆርጦ መለሰው፤ እንደገና መለሰው፤ ማንም መደገሙን ሳያውቅበት ዘፈኑን አስጠበቀላቸው። ክረምቱን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ የተማረው ነገር ለዚህች ጠቀመው። የልጃቸውን እጅ ሲይዙ ለቀቀው።

ሙሽራይቱ ጭፈራው ሲያበቃ ወደ እሱ መጣች። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ያንተን ነገ ቤት ታሰማኛለህ» አለችው፣ ዓይኗን እየጠራረገች። «መጀመሪያ ግን አባባን ይቅርታ ጠይቀው።»

«እሺ» አላት። ፊቱ እንደጋለ፣ ቀጥሎ ማን መነሳት እንደሚፈልግ ለማየት ወደ እንግዶቹ ቀና አለ።