ጋሼ ሲደውል

የጥንት ፊልም ነፍሴ ነው። አንድ እሁድ ጎረቤቴን ሂሩትን ሲልቨር ስፕሪንግ ሲኒማ ቤት ጎትቼ ወሰድኳት። ሂሩት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ትዘፍናለች። የምትዘፍነውን ዘፈን፣ የምትለብሰውን ቀሚስ፣ የምታወራውን ሰው ሳይቀር የሚመርጥላት ጋሼ የምትለው የድምፅ አሰልጣኟ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣት እሱ፣ የምትኖረውም እሱ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ። «ያለ እሱ ፈቃድ እኮ ጉንፋን እንኳ አይዝሽም» እላታለሁ፤ ትስቃለች።

ፊልሙ ሲኒማ ገና ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ንግግሩ ይንኮሻኮሻል። አንድ የፒያኖ መምህር ተማሪውን ሰንጎ ይዟታል። ጣቱን ሲያነሳ ዝም፣ ሲያወርድ መጫወት። ሂሩት በገነች። «በሩ ክፍት ነው እኮ! ምን ጎልቷታል? አትወጣም?» አለችኝ። አፏን ሳትዘጋ ስልኳ ነዘረ። ስሙን አየችና በዚያ ጨለማ ብድግ ብላ ቆመች! «አቤት ጋሼ… እሺ ጋሼ…» እያለች አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፣ የሚያያት ይመስል። ከኋላችን «ሲት ዳውን!» ይሉናል። ቀሚሷን ብጎትት ወይ ፍንክች። «ልምምድ ነይ ብሎኛል» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

በነጋታው ኮል አደረገችኝ።
«ልጅቷስ? መጨረሻዋ ምን ሆነ?»
«ጥላው ወጣች።»
«የት ሄደች?»
«እሱን አላሳዩም። በሩን ስታልፍ ፊልሙ አለቀ።»
«አየሽ» አለችኝ፣ «እነሱም አያውቁትም።»