ሶሊን ክርስትና ያነሣች

— ሄሎ… ሄሎ፣ አቤት… ማን ልበል?

— ቀዳማዊ?… የማን ልጅ ቀዳማዊ?… አላወቅኩህም ልጄ። ዕጣ ወጥቶልዎታል ልትለኝ ከሆነ ዛሬ ሦስተኛህ ነህ፣ ሌላ ሞኝ ፈልግ… አይደለም?… ከየት?… ከ«ባለ ሦስት በር»?… ከድራማው?

— በስመ አብ! አልፊያ፣ ዚፑን አስቀምጪው፣ ዋጋውን ኋላ እንጨቃጨቃለን። ከድራማው ነው የሚደውሉት!

— አለሁ፣ አለሁ ልጄ። አዎ፣ ሸዋገነት ነኝ። ዘነበወርቅ ፌርማታው ፊት ለፊት ክርና ቁልፍ ነው የምሸጠው… ቁጥሬን ማን ሰጠህ?… ሄቨን? ልጄ ናት… ዩቲዩብ ላይ? ምን ብላ?… «ሶሊን ክርስትና ያነሣቻት አስካለ አይደለችም፣ እናቴ ናት፣ ካላመናችሁ ደውሉላት»… ከነስልክ ቁጥሬ!… ስንት ሰው ሳቀ?… ይሳቅ። እኔ ሳቅ ለምጃለሁ።

— አይቻለሁ እንጂ፣ ማን ያላየ አለ? ባለፈው ሐሙስ ሄኒ ለሶሊ ቀለበት ሲያደርግላት አገሩ ሁሉ ጮኸ… እንዴት አይጮህ? የክርስትና እህቱን!… አይ፣ «የሥጋ ዝምድና የላቸውም» አይባልም እኮ። አስካለ የሄኒ እናት ናት አይደል? ሶሊን ክርስትና ካነሣች ደግሞ የሶሊም እናት ናት። ሁለቱ ወንድምና እህት ሆኑ ማለት ነው። እንኳን ሊያገባት በዚያ ዓይን ሊያያትም ነውር ነው። ይሄን ሳታውቁ ነው የምትጽፉት?… እህ… የጌታ ልጅ ነህ?… እንደዚያ በለኛ! እናንተ ጴንጤዎች ዘንድ ክርስትና ማንሣት የለም፣ አልፈርድብህም። ግን የሚጠየቅ አንድ ሽማግሌ አጣችሁ?

— ምን?… ድገመው እስቲ… በመኪና?… ሄኒን ልትገድሉት!

— አልፊያ፣ ሄኒን ሊገድሉት ነው! ሰርጉን ለማስቀረት!

— ስማኝ ቀዳማዊ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው በመኪና ፈጃችሁ? የጋሽ ዳምጠውን ወንድም እንኳን ሁለት ጊዜ ገጭታችሁታል፣ ሁለት ጊዜ! አሁንስ አበዛችሁት… እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትወስኑት?… እስከ አሥር ሰዓት?… አሁን ስምንት ከሩብ ነው። ልጁን አትንኩት። መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው።

— እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የድሮዎቹ ጸሐፊዎች የሉም?… አንድም? አንተ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?… አሥር! በል እንግዲህ ቁጭ ብለህ ስማ።

— አንድ ግቢ፣ ሦስት በር። በአንደኛው በር ጋሽ ዳምጠው፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴው፣ ከሚስቱ ከባዩሽ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን ሁለተኛውን በር አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ተከራየች። አስካለ ናት፣ ልጁ ሄኒ ነው። አስካለ ማለት ደግሞ የጋሽ ዳምጠው የወጣትነት ፍቅር! አባቱ «እሷን ካገባህ ልጄ አይደለህም» ቢለው ጊዜ ነው ጥሏት ባዩሽን ያገባው… አዎ! ዛሬ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ሲያድል አይተህ አትታለል። ያኔ እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነበር መሰለህ፣ በር ሲዘጋ እንኳን አጥንት ይሰብራል።

— ባዩሽ እንግዲህ ሄኒን ባየች ቁጥር የባሏን ጆሮ ታይበት ጀመር። «ይሄ ልጅ የሱ ነው» ብላ ከሰው ጎዳና ወጣች። ስድስት ወር ሙሉ! እኛ ሰፈርም ለሁለት ተከፈለ። አልፊያ «የሱ ነው» ብላ፣ እኔ «አይደለም» ብዬ ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል… አልፊያ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጎረቤቴ፣ እዚሁ ናት… ኋላ ደም ተመረመሩ። አይደለም! እኔ ረታሁ።

— እየሳቅሽ ነው አልፊያ? ረትቻለሁ እንጂ ምን!

— ባዩሽ አፈረች። ያው ሶሊን አርግዛ ነበር፣ ስትወልድ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» ብላ አስካለ በር ላይ ሄዳ ቆመች። «ልጄን ክርስትና አንሺልኝ» አለቻት። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ኮልፌ ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ወልደሰንበት፣ ባለቤቴ፣ ለእናቱ ያላለቀሰው ሰውዬ ለባዩሽ አለቀሰ።

— ከዚያማ «ከሃያ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ አመጣችሁብን። እኛ አንድ ፋሲካ ነው ያከበርነው፣ ሶሊ ኮሌጅ ጨርሳ መጣች! አስካለ ደግሞ በሃያ ዓመት አንዲት ሽበት አላበቀለችም… ይቅርታ ምን ያደርጋል፣ ይልቅ ቅባቷን ንገረኝ።

— ሶሊና ሄኒ ሁለት ዓመት በቧንቧ ወረፋ ተጣሉ። እሷ ጀሪካን ስታስቀድም፣ እሱ ሲያነሣባት። አንድ ቀን ግን የራሱን ባዶውን ትቶ የሷን ቀድቶ በሯ ላይ አደረሰላት። አንድ ቃል አልተናገረም። እዚያች ላይ ነው የገባኝ። ለአልፊያ «እነዚህ ልጆች አልቆላቸዋል» አልኳት… እንደዚሁ ዳባስ ቢሆን! በሦስተኛው በር ያለው ሾፌሩ ዳባ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አስካለ በር ላይ ዳቦ አንጠልጥሎ ሄደ። በሰባተኛው ዓመት አንኳኳ። በቃ፣ ተጋቡ። የዚያ ግቢ ፍቅር እንደዚህ ነው፣ አፍ የለውም፣ እጅ ነው ያለው… ጻፈው፣ ጻፈው፣ ፈቅጄልሃለሁ።

— አሁን ወደ ክርስትናው ልመልስህ። ክፍል አርባ አንድ። አንተ ከድርሰቱ አታገኘውም፣ እኔ ግን እዚያ ነበርኩ… አዎ፣ በአካል! የምትቀርጹበት ግቢ እኮ ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ነው። እዚያ ያለው አዳራሽ ውስጥ መጋረጃ ዘርግተው ቤተ ክርስቲያን አስመሰሉት። እኔ ነጠላዬን ለብሼ ቀረጻውን ለማየት ሄጃለሁ። አስካለን የምትሠራዋ ልጅ ግን የለችም፣ ጦር ኃይሎች ጋ መንገድ ተዘግቶባት ቀረች። የተዋሷት ሕፃን ደግሞ እሪ አለች። አንዷ ትይዛታለች፣ እሪ። ሌላዋ ትይዛታለች፣ እሪ። እኔ ያዝኳት፣ ጭጭ። ነፍሱን ይማረውና የያኔው አዘጋጅ «አንቺ፣ ባለ አረንጓዴ ጥለት፣ እንዳትንቀሳቀሺ!» አለኝ። ቄስ ሆኖ የሚሠራው ሰው ውሃውን አፈሰሰ፣ እኔ ሶሊን አነሣኋት። ልክ ሲያልቅ አስካለ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች፣ «አለቀ እንዴ?» አለች። ባዩሽ «አለቀ» አለቻት። ድርሰቱ ላይ የለም፣ ከልባቸው ነበር፣ አዘጋጁ ግን አልቆረጠውም፣ ደስ አለውና ተወው።

— ገባህ? ክርስትና ያነሣች ናት የክርስትና እናት፣ ልታነሣ ያሰበች አይደለችም! ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ረሳው፣ ተዋናዩ ረሳው፣ ሁሉም «የክርስትና እናቷ አስካለ» እያለ ቀጠለ። አስካለ ግን አላነሣቻትም። ሄኒ ወንድሟ አይደለም። ይጋባሉ!

— አላመንከኝም… አይ፣ ድምፅህ ይናገራል። ክፍሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ አይደል? ክፈተው። እጠብቅሃለሁ።

— አልፊያ፣ ከባንኮኒው ሥር ያቺን ፌስታል አምጪ… አዎ፣ ነጠላዋን። ፎቶ አንሺና ለዚህ ቁጥር በቴሌግራም ላኪለት። የግራ ትከሻውን፣ የተቃጠለውን።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ደረስክ?… አዎ፣ ከጀርባ ናት፣ ፊት አይታይም። ግራ ትከሻዋን እይልኝ። ትንሹ ሄኒ አጠገቤ ጧፍ ይዞ ቆሞ ነበር፣ በጧፉ ጥለቱን ነካው። እጄ መጥታ እፍን አደረገችው… አየኸው? እጄን አየሃት?… አሁን ቴሌግራምህን ክፈት… እህ?… ቀዳማዊ? ቃጠሎው አንድ ነው አይደል?

— ያቺው ናት። አዎ ልጄ፣ ያቺው ናት።

— ይሄን ሳልነግርህ አላልፍም። ክፍሉ የታየ ዕለት ወልደሰንበት በግ አረደ፣ ሰፈሩን ጠራን። የምወጣው እኔ ነኝ ብዬ አዲስ ቀሚስ አሰፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ሦስት ሴኮንድ ጀርባ! ከዚያ ማስታወቂያ። አንዱ ጎረምሳ «እትዬ ሸዋ፣ ጀርባዎ ግን ሲያምር!» አለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ጀርባዋ» ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳን «ጀርባዋ ጋ ወራጅ አለ» ነው የሚሉት፣ ረዳቱም ያውቀዋል፣ ይቆማል። ሄቨን ትምህርት ቤት «የጀርባዋ ልጅ» ተብላ አልቅሳ መጥታለች። እሱስ ይሁን። ያቃጠለኝ «ደግሞ እሷም አይደለችም፣ ትዋሻለች» ማለታቸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ውሸታም ሆኜ ኖርኩ… አዎ፣ እያለቀስኩ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ ነበር፣ ይኸው።

— እሺ… እሺ፣ መልካም። ሄኒ ሽማግሌ ይልካል። ጋሽ ዳምጠው «ወንድሟ ነህ» ብሎ እምቢ ይላል። ከዚያ ያነሣቻት ሴት ተፈልጋ ትመጣና ትመሰክራለች… እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ መጻፍ! ቅዳሜ ትቀርጹታላችሁ?… እህ… ማንን?… ተዋናይት?

— የታወቀች ተዋናይት ነው የምታመጡት… ገባኝ።

— አይ፣ አልተቀየምኩም። ቀዳማዊ ግን… ቆይ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ተቀይሜያለሁ! ጀርባው የኔ ነው። ነጠላዋ የኔ ናት። እጇ የኔ ናት። ሕፃኗ ዝም ያለችው በኔ እቅፍ ነው። አሁን ደግሞ ፊቱን ለሌላ ሰው ትሰጡታላችሁ? ጀርባዬን ይዛችሁ ፊቴን ልትጥሉት?… «ልምድ» አልከኝ? ያኔ ምን ልምድ ነበረኝና ነው «እንዳትንቀሳቀሺ» ሲሉኝ ያልተንቀሳቀስኩት? እሳት ትከሻዬ ላይ ሲነድ አልተንቀሳቀስኩም!

— አልፊያ፣ ተይ፣ ስልኬን… ተይ እላለሁ!… ልጄ፣ አልፊያ ናት የምትጮኸው። ሌላ ሴት ካመጡ ከዛሬ ጀምሮ አላይም፣ ከዚህ እስከ ሳንሱሲ ያለ ደንበኛዬ ሁሉ አያይም እያለች ነው… ታደርገዋለች፣ አትጠራጠር። አሥራ ሁለት ዓመት ካሾፉብኝ ሰዎች አንደኛዋ ራሷ ናት፣ ዛሬ ጠበቃ ሆነችልኝ።

— አዘጋጇን ልትጠይቅ?… ሌሊሴ ናት አዘጋጇ?… ጠይቃት። ነጠላዋንም አሳያት። እጠብቃለሁ።

— ምነው አልፊያ፣ እጄን ለቀቅ አድርጊው፣ ሰበርሽው እኮ… እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሙዚቃ ነው የሚሰማኝ።

— አቤት! አለሁ!… አቤት ሌሊሴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነሽ?… እህ… እህ… አዎ… ነጠላዋን ይዤ… ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት… እዚያው ግቢ…

— ቀስ ብለሽ ንገሪኝ እናቴ… ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል… እኔ እንደዚያን ቀን በጀርባዬ ቆሜያለሁ… ጋሽ ዳምጠው «ልጄን ክርስትና ያነሣች ማን ናት?» ሲል…

— እዞራለሁ?

— ካሜራውስ?… ፊቴ ላይ… ስንት ሴኮንድ?… ተናግሬ እስክጨርስ!

— እልልልልል! አልፊያ፣ እልል በይ! ፊቴ! ፊቴ ነው የሚወጣው! ሄኒም ዳነ!

— አለሁ ሌሊሴ፣ ይቅርታ፣ ሰዉ ሁሉ ሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ… የሴትየዋ ስም?… ምን ብትባል ደስ ይለኛል?… እስካሁን ስም የላትም… የኔን ትሁንልኝ። ሸዋገነት። ሌላ ስም አልፈልግም፣ ሌላ ስም ጠግቤያለሁ። ደግሞ «አነሣኋት» ከማለቴ በፊት ስሜን እንድጠራ አድርጉልኝ… አድጊልኝ፣ ውለጂ፣ ክበጂ። ቀዳማዊንም ሳሚልኝ፣ ሄኒን አተረፈ። ቻው… ቻው በይ… እሺ፣ ቅዳሜ። ቻው!

— ዘጋች… አልፊያ፣ ነይ እስቲ፣ እዚያ በሩ ጋ ቁሚ። ልለማመድ። ይኸው ጀርባዬን ሰጠሁሽ፣ በይ ጥሪኝ… እሱን አይደለም! እሱማ ዛሬ ቀረ። በስሜ ጥሪኝ… ጮክ በይ እንጂ፣ ፌርማታው ላይ ያለው ታክሲ ይስማው…

— አቤት!