እታገኝ ያጎረሰችኝ ቀን

ከልጅነቴ ጀምሮ ልጠይቃቸው እየፈለግኩ አፍር የነበረውን ነገር ባለፈው እሑድ ጎረቤታችንን እማማ አስካለን ጠየቅኳቸው። «እማማ አስካለ፣ በየበዓሉ የምትመጣው እታገኝ ምንዎ ናት?» አልኳቸው። ሳቁ። ያሉኝን እንዳሉኝ ጻፍኩት።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነበር፣ አብዮቱ መጣና ደግሞ በቀበሌ ሆነ። እታገኝ ዘመዴ አይደለችም፣ ሥራ ነው ያገናኘን። እኔ ያኔ ቀበና፣ ወንዙ አጠገብ፣ የመንግሥት ልብስ ስፌት ውስጥ የአንድ ክፍል አለቃ ነበርኩ። የወታደር ሸሚዝ ነው የምንሰፋው፣ ካኪ፣ ሙሉ ቀን ካኪ! ግድግዳው ላይ ደግሞ «ሠራተኛ ሁሉ እኩል ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አንዲት ቀጭን ልጅ አስከትሎ መጣና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስል፣ «ጓድ አስካለ! ይህች እታገኝ ትባላለች፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው የመጣችው፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ ሦስት ወር በሙከራ ትሠራለች፣ ከጭቁኑ ወገን ስለሆነች ትታገዝ!» አለ። አይ የእሱ ነገር! ለእሷ ማሰቡ ነበር እኮ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ» ሲል ግን የስፌት መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ።

ገባሽ አይደል? ያኔ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። ስትበዪ ካየችሽ አለቀልሽ ይባላል። አንቺ ተምረሻል፣ ትስቂያለሽ፤ ያኔ የሚስቅ አልነበረም።

እና እኛ ዘንድ ደንብ አለ። አዲስ የመጣች ልጅ የምትማረው ከአንዷ ነባር ጎን ተቀምጣ እጅ እጇን እያየች ነው። ማን ከማን ጎን እንደምትቀመጥ የሚታወቀው ደግሞ ምሳ ላይ ነው። የሁላችንም ምሳ ዕቃ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይከፈትና አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ ከማን ጋር ተጎራረስሽ፣ ከማን ጋር ተሳሳቅሽ፣ ከሰዓት በኋላ ከእሷ ጎን ነሽ። ትሪው ላይ ያልቀረበችን ማን ያስተምራታል? ማንም!

እታገኝ ታዲያ ምሳዋን ይዛ በረንዳው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትበላለች። ሂጂ ያላት የለም እኮ፣ ራሷ ናት፣ ሰው እንዳይፈራት። ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ስትለቅም፣ ክር ስትጠርግ ትውላለች። «ስፌቱን መቼ ልትማሪ ነው?» ስላት «ሲጠሩኝ» ትለኛለች። ማን ሊጠራት! ሙከራው ሲያልቅ ደግሞ በስብሰባ «ሥራ ችላለች ወይ?» ይባላል፣ አልቻለችም ከተባለ ትሰናበታለች። ሸክላ መጥፎ ሥራ ሆኖ አይደለም፣ የእናቷን ድስት ሾላ ገበያ ይሻሙት ነበር። እሷ የፈለገችው ግን ስፌት ነው።

«ለምን አላዘዟቸውም?» አልሽ? አዝዤ ነበር! «እሺ» ይሉኛል፣ ዞር ስል ወንበራቸውን ከአጠገቧ ይስባሉ።

እና አንድ ቀን፣ ሐምሌ ነው፣ ሰዓዳ የምትባል ጓደኛችን ከግቢዋ ኮክ ለቅማ አመጣች፣ ጥሬ፣ ድንጋይ የመሰለ። እኔና እሷ ጠዋት በሚጥሚጣ እያልን ጨረስነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሰዓዳ ልጇን ልታጠባ ቤቷ ሄደች። እኔ ትሪው አጠገብ ቆምኩና «እታገኝ! ምሳሽን ይዘሽ ነይ!» አልኩ። መጣች።

«አጉርሺኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ ይቅርብዎት።»

«አጉርሺኝ አልኩሽ!»

አጎረሰችኝ። ሽሮ ነበር፣ ጣፋጭ። «ድገሚኝ» አልኩ። ብዙነሽ የምትባል ነባር ሠራተኛ ነበረች፣ «በስመ አብ!» ብላ ገና ያልገለበጠችውን ምሳዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌሎቹ እኔን ያያሉ፣ አሁን ትወድቃለች ብለው።

ምን ሆነ መሰለሽ? ያ ኮክ ተነሣብኝ! ቁርጠት፣ የሚገርም ቁርጠት! መታመሜ ከታወቀ እኮ ልጅቷ አለቀላት። ታዲያ ቀጥ ብዬ በመኪኖቹ መሐል እዞራለሁ፣ አንጎራጉራለሁም። ብዙነሽ ዓይኗን አልነቀለችም።

«እትዬ አስካለ፣ አልቦዎታል።»

«ሞቆኝ ነው።»

«በሐምሌ ዝናብ?»

እና አንዱ ቁርጠት ሲመጣ አላስቻለኝም፣ ጠረጴዛውን ይዤ እጥፍ አልኩ። «በላቻት! ጤና አዳም አምጡ!» ብላ ብዙነሽ ጮኸች። ሁሉም ተነሡ። ዞር ስል እታገኝ ነጠላዋን እየለበሰች ነው።

«ወዴት ነው?»

«ልሂድ እትዬ። እርስዎ ይዳኑልኝ እንጂ።»

«ቁጭ በይ!» እላለሁ፣ ድምፄ ግን አይወጣም። በሩ ላይ ደርሳለች። በዚያው በር ሰዓዳ ሆዷን ይዛ ገባች። «አስካለ፣ ወላሂ ያ ኮክ ገደለኝ! አንቺስ ደህና ነሽ?»

ብዙነሽ «አንቺንም አየችሽ?» አለቻት።

«ማን ነው የሚያየኝ? ቤቴ ልጄን ሳጠባ አልነበርኩም እንዴ! ጥሬ ኮክ ነው የበላነው፣ ጥሬ!»

 ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም እያመመኝ ሳቅኩ። እታገኝን ሰዓዳ እጇን ይዛ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት፣ ያን ዕለት ኮሌታ መስፋት ጀመረች።

ብዙነሽ ተለወጠች ብዬ እንዳልዋሽሽ። ሙከራው አልቆ በስብሰባው ስለ እታገኝ ስትጠየቅ ተነሥታ «እጇ ጥሩ ነው፣ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ትቀጠር። ምሳዬን ግን እሸፍናለሁ» አለች። «ሸፍኚ!» አልኳት። «ሸፍኚ፣ እጅጌ አሰፋፉን ግን አስተምሪያት።» አስተማረቻት! በአንድ እጇ ምሳዋን ሸፍና በሌላው ታሳያት ነበር ብልሽ ይቀለኛል። ሸፍና ሸፍና አንድ ቀን ነጠላውን ረሳችው፣ እኛም አላስታወስናት። እታገኝም እኔ ጡረታ ስወጣ የክፍሉ አለቃ ሆነች።

ብዙነሽ ልቧ እስኪለወጥ ብጠብቅ ኖሮ ልጄ፣ እታገኝ ቁልፍ ስትለቅም ታረጅ ነበር። ሰው ልቡን በራሱ ጊዜ ይለውጥ፣ ወንበሩን ግን ዛሬ ይልቀቅ።

ይህን ብለው እማማ አስካለ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ከዚያ «በአንቺስ መሥሪያ ቤት ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም?» አሉኝ። አለ። በቅርቡ የተቀጠረ ዓይነ ስውር ባልደረባ አለን፤ ስልክ አጠገብ አስቀምጠውት ሥራ የሚሰጠው የለም። እኔም አፍሬ ሰላም ሳልለው አልፋለሁ። ሰኞ ጠዋት ወንበሬን ይዤ ጠረጴዛው ዘንድ እሄዳለሁ፤ የተሰጠኝን ሪፖርት ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ አብረን እንሠራዋለን።