ሳይጠይቁ ሰው ለማያውሱት ለጋሽ ሽፈራው

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ኤልቃና፣ የጋሽ ሽፈራው የጡረታ ጥብስ የትም አይሄድም፤ እጅህን ሰብሰብ አድርግና ስማኝ።

ጋሽ ሽፈራው ወደ ቢሯችን የመጡ ዕለት እኔ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ ከምህረት የሰማሁትን ነው። ምህረት ይኸው እዚህ ተቀምጣለች፤ ከዋሸሁ ታርመኛለች፣ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ታፍራለች።

እንግዶች ስላላችሁ፣ እኔ ኑሃሚን ነኝ፤ ቢሯችን ምን እንደሚሠራ መጀመሪያ ልንገራችሁ። አንድ ሆቴል፣ አንድ የፓርኪንግ ድርጅት፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ አንድ የጽዳት ድርጅትና አንድ የድግስ አዘጋጅ ሠራተኛ ይዋዋሳሉ። ፓርኪንጉ ጭር ሲል ሆቴሉ ይጨናነቃል፤ ሆቴሉ ጭር ሲል መንከባከቢያው ሰው ያጥረዋል። ማን ከየት ወዴት እንደሚሄድ የምናቀናጀው እኛ ነን። በተውሶ የሚሄደውን ሰው ሁላችንም «ተውሶ» እንለዋለን።

ታዲያ ጋሽ ሽፈራው ያን ቀን ቡናማ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ለኃላፊነት ቦታ ኢንተርቪው ሊያደርጉ ዳውንታውን አትላንታ መጡ። በዚያው ጠዋት አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ቀርቶ ምህረት በሁለት ስልክ ትጮኻለች። በሩ ሲከፈት ቀና ብላ አየቻቸው።

«ዘገየህ እኮ!»

«ቀጠሮዬ ለሦስት ሰዓት…»

«መኪናው መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ አንተ ስለ ቀጠሮ ታወራለህ? በል ይኼን ልበስ!» ብላ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ወረወረችላቸው።

ጋሽ ሽፈራው ፈተና መሰላቸው። በሱፋቸው ላይ ሰደርያውን ደርበው ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ዋሉ። ወደ ማታ ከረባታቸው በላብ ርሶ ተመለሱና፣ «አለፍኩ?» አሉ።

«ምኑን?» አለች ምህረት።

«ኢንተርቪውውን።»

ምህረት ሁለቱንም ስልክ ዘጋች። እሳቸው ደግሞ ኪሳቸውን ዳበሱና አንድ የመኪና ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። «ይቅርታ እመቤት፣ ይኼ ሌክሰስ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሳቂ፣ ሳቂ ምህረት! የሌክሰሱ ባለቤት ግን አልሳቀም፤ ቤቱ የገባው በታክሲ ነው።

ጋሽ ሽፈራው የቢሮው ኃላፊ ሆነው ሲቀጠሩ፣ በዚያ ቀን የተነሳ አንድ ደንብ አወጡ። ቢሯችን የሚቀጠር ማንም ሰው ሌላውን ከማዋሱ በፊት ራሱ አንድ ሺፍት በተውሶ ይሄዳል። እኔ የመጣሁት በፈረንጆቹ 2013 በነሐሴ ሙቀት ነው፤ ማስተርሴን ይዤ፣ ዶክትሬቴን ጀምሬ፣ አፍንጫዬን ሰቅዬ።

«ጥናትሽ ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አሠሪዎች በመረብ ተሳስረው የሰው ኃይልና ክህሎት ስለሚጋሩበት ሥርዓት።»

«በጣም ጥሩ። ነገ አንቺን እንጋራሻለን። ትሄጃለሽ? እምቢ ማለት ትችያለሽ።»

በእልህ «እሄዳለሁ» አልኩ። የላኩኝ ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። አንሶላ ሳጥፍ ስውል ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ተውሶዋ፣ ነይ እዚህ! ተውሶዋ፣ ያንን ግፊ!» ብቻ። ማታ እግሬን እየጎተትኩ ስመለስ ጋሽ ሽፈራው ውሃ ሰጡኝ። ለጥናቴ ካነበብኩት ሁሉ ያን ቀን ያህል ያናደደኝ የለም። ንዴት ደግሞ ለጥናት ጥሩ ነዳጅ ነው።

አሁን ወደ ጸባያቸው። ጋሽ ሽፈራው ሃይዌይ አይወጡም። ከቤታቸው ከሮዝዌል ዳውንታውን ድረስ በሰፈር በሰፈር፣ በትምህርት ቤት በር፣ በውሻ አዟሪዎች መሃል እየተሽሎከለኩ ነው የሚመጡት። በ2017 የሃይዌይ ሰማንያ አምስት ድልድይ ተቃጥሎ ሲወድቅ አትላንታ ሁሉ መንገድ ላይ ሲያለቅስ፣ በሰዓቱ ቢሮ የገባ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ «እኔ ነግሬያችሁ ነበር» ሲሉን ሰነበቱ። ምን እንደነገሩን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ስልካቸው ደግሞ! ማንንም ሰው ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ድርጅት አይልኩም። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ትሄዳለህ?» እዚያ እስኪደርሱ ግን ጤና ይጠየቃል፣ ልጆች ይጠየቃሉ፣ የአጎት ጉልበት ይጠየቃል። አንድ ቀን ሙላው፣ ያ የፓርኪንጉ ሙላው፣ ስልኩን ገና ሲያነሳ «ጋሼ፣ እሄዳለሁ! ብቻ ስለ አጎቴ አይጠይቁኝ፤ አስር ደቂቃ ነው ያለኝ» ብሎ ለመናቸው። «እሺ፣ አጎትህን ተወው። እናትህስ?» አሉት።

እምቢ ያላቸውን ሰው ግን ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም። «እሺ፣ በርታ» ብለው ወደሚቀጥለው ይደውላሉ። የሰው ቁጥር ጎድሎ አሠሪዎቹ ሲጮሁባቸውም ያው ናቸው። «ጠየቅኩት፣ አልፈልግም አለ። ሰውየው አልጠፋም፤ አልፈልግም ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ኮስተር ልበል።

በጥር 2014 ያ በረዶ የወረደ ቀን የት እንደነበራችሁ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ማራኪ የጽዳቱ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ያን ቀን መንከባከቢያው ውስጥ በተውሶ ነበረች። መንገድ ተዘጋ፤ ተተኪ አልመጣም፤ አረጋውያኑን ትታ መውጣት አልቻለችም። በማግስቱም እዚያው ዋለች። ሦስተኛው ቀን ላይ እረፍት ስትጠይቅ መንከባከቢያው «የእኛ ሠራተኛ አይደለሽም» አላት። ጽዳቱ ደግሞ «ያን ቀን እኛ ጋ አልነበርሽም» አላት። ማራኪ ቢሯችን መጥታ ጋሽ ሽፈራው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ የማን ነኝ?»

ጥያቄዋን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ጥናቴም ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ጥናት ሆነ።

ለአሠሪዎች መጋራት ጥሩ ነው፤ ይህን በሦስት ምዕራፍ አሳይቻለሁ፤ አሠሪዎቻችንም ሲያነቡት ደስ ብሏቸው ነበር። አራተኛው ምዕራፍ ግን ሰው በተውሶ ሲሄድ የአገልግሎት ዘመኑ አብሮት እንደማይሄድ ያሳያል። ማራኪ በእነዚህ ድርጅቶች መሃል ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ በእያንዳንዱ ግን አዲስ ሠራተኛ ናት። እረፍቷም፣ እድገቷም ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ብዙዎቻችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ እንደሷ ናችሁ።

ይህን ምዕራፍ ያነበቡ ዕለት የአሠሪዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዳኛቸው የሰጡኝን ፈቃድ አነሱ። የድርጅቶቹን መረጃ እንዳልጠቀም ከለከሉኝ። የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ደግሞ «ጸጥ ያለ ርዕስ ብትፈልጊስ?» አለኝ። የሁለት ዓመት ሥራዬን! አላለቀስኩም። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ዘግቼ ተቀምጬ ስሳደብ ጋሽ ሽፈራው መስኮቴን አንኳኩ።

«ማንን ነው የምትሰድቢው?»

«ሁሉንም!»

«እኔንም?»

«እርስዎ ተራዎ አልደረሰም።»

ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «መዝገቡ የነሱ ነው፤ ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ሰዎቹን ግን ጠይቀሻቸዋል?» አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አሠሪዎቹ ፊት ቆመው በግልጽ ተናገሩ። «ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሴ ስልክ፣ በተውሶ የሚሠሩትን እጠይቃለሁ። ታሪኬን ልንገራት የሚል ካለ ለኑሃሚን ይደውልላታል።»

«ጋሽ ሽፈራው፣ ጡረታህ ደርሷል፤ ምን አስቸገረህ?» አሏቸው አቶ ዳኛቸው።

«ስለደረሰ ነዋ!» አሉ ጋሼ።

ስልኬ መጥራት ጀመረ። በምሳ ሰዓት መኪና ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ብራያክሊፍ መንገድ ላይ በዚሁ ምግብ ቤት ጓዳ በኩል ያለች ጠረጴዛ ላይ ታሪካችሁን ነገራችሁኝ። ከመካከላችሁ ተስፋጽዮን እምቢ አለኝ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ አልተጣላንም። ምዕራፉን ከድርጅት መረጃ ሳይሆን ከእናንተ አፍ እንደገና ጻፍኩት። ከበፊቱ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ለጋሼ ክብር ስል አልደብቅም። እሳቸውም ያንን ምዕራፍ ሲያነቡ አልተደሰቱም። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው፣ «ይኼን ሁሉ ዓመት ትሄዳለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ስትመለስስ ምን ይጠብቅሃል ብዬ አልጠየቅኩም። ጻፊው» አሉኝ። በእሳቸው ዕድሜና ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ለኔ ዓይነቷ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ሽፈራው፣ ለእሱ አመሰግንዎታለሁ። ከውሃውም፣ ከስልኩም ይበልጥ ለእሱ።

አሁን እርስዎ የማያውቁትን ልናገር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቀኑ የእርስዎ ነው፤ ግን ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ቤት የሚገናኙት ዛሬ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት አቶ ዳኛቸው ጠሩኝ። እዚህ ስላሉ ቃላቸውን አላጣምምም። በጨዋ ደንብ ነው ያናገሩኝ። «የሽፈራው ቦታ ያንቺ ነው። ከሌላ ሰው ጋር አልተነጋገርንም። አራተኛውን ምዕራፍ ብቻ ከጥናትሽ አውጪው» አሉኝ። ጥናቴን ኮሚቴ ፊት የማቀርበው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከ ዛሬ አስቢበት ተባልኩ።

አቶ ዳኛቸው፣ አሰብኩበት። ቦታውን እፈልገዋለሁ። እፈልገዋለሁ ብቻ ሳይሆን ይገባኛል፤ እዚህ ካለ ሰው ሥራውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ጋሽ ሽፈራው ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ እየሄዱ ነው። ምዕራፉን ግን አላወጣም። አንድ መስመርም አላወጣም። ጠየቁኝ፣ መልሴ አይሆንም ነው። እኔን ከነምዕራፌ ከፈለጋችሁኝ ሰኞ ጠዋት እገባለሁ፤ መጀመሪያ የማነሳውም የማራኪን ሰባት ዓመት ነው። ካልፈለጋችሁኝ ጥናቴን ይዤ ሌላ በር አንኳኳለሁ፤ አትላንታ አሠሪ አይጎድላትም። ፈገግ ስላሉ አመሰግናለሁ፤ ፈገግታውን እንደ እሺ አልቆጥረውም፣ አይስጉ።

ጋሼ፣ አይደንግጡ፤ ምግቡ አልተቋረጠም። ኤልቃና እንዲያውም እኔ ስናገር ሦስት ጊዜ ጎርሷል።

በሉ እንነሳ። ወይን የያዘም፣ ቢራ የያዘም፣ አምቦ ውሃ የያዘም ከፍ ያድርግ። ጋሽ ሽፈራው፣ ሮዝዌል ጓሮዎ ውስጥ የሚተክሉትን ቲማቲም አጋዘን አይቅደምዎት። ሃይዌይም ሳይወጡ ዕድሜዎ ይርዘም። ልጅዎ ሉሊት ልጆቿን ትምህርት ቤት የማመላለሱን ሥራ ከአሁኑ ለእርስዎ እንደመደበች ሰምቻለሁ። ሉሊት፣ መጀመሪያ ጠይቂያቸው! እርስዎም ደስ ካላለዎት እምቢ ማለት ይልመዱ። ጤና ይስጥዎት፤ እንቅልፍ ይስጥዎት። ከነገ ጀምሮ ቀኑ ሙሉ በሙሉ የራስዎ ይሁን፤ ለማንም ሳያውሱት ይዋሉበት።

ለጋሽ ሽፈራው!