ከብርብራው ጥላ የወጣው ሶላር፦ የአቶ ወንድይራድ ይርጉ ዜና ሕይወት

አቶ ወንድይራድ ከልብስ ሰፊው ከአባታቸው ከአቶ ይርጉ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ወርዶፋ በ1955 ዓ.ም. ወናጎ ከተማ ተወለዱ። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከአራተኛ ክፍል ወጥተው ሻይ ቤት ተቀጥረው ስላስተማሯቸው አሥራ ሁለተኛን ጨርሰዋል፤ ይህም ዛሬ ሳይነገር እንዳያልፍ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ዲላ በሚገኘው የመብራት መሥሪያ ቤት በመስመር ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1988 ወይዘሮ አስካለችን በወግ በማዕረግ አገቡ፤ ልጅ ግን እግዚአብሔር አልሰጣቸውም።

በ1999 መሥሪያ ቤቱ ገመድ ለማይደርስባቸው የመንግሥት ቢሮዎችና ጤና ኬላዎች ሶላር የሚተክል ባለሙያ ሲያውስ አቶ ወንድይራድ ተመደቡ፤ ባልደረቦቻቸውም «ቆጣሪ የማናነብለትን ደንበኛ ልታፈራልን ነው?» እያሉ ቀለዱባቸው። በየካቲት ወር ወርቃ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ኬላ ጣሪያ ላይ ሶላር ተከሉ። ከኬላው አጠገብ ያለው ትልቁ የብርብራ ዛፍ በዚያ ወር ቅጠሉን አራግፎ ነበርና ፀሐዩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ክረምት ሲገባ ግን ዛፉ ለምልሞ ሶላሩን ሸፈነው፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ሞቀ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ ልጅ አዝለው ሦስት ሰዓት የተጓዙ እናቶችም ሳያስከትቡ ተመለሱ። ሌላው ቢሆን በሰው ያላክክ ነበር፤ እሳቸው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ዛፉ ይቆረጥ ሲባል ባለመሬቱ አቶ አብዲሳ «ለእናንተ መስታወት ብዬ ቡናዬን ፀሐይ ላስመታ?» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ አቶ ወንድይራድ ሁለተኛ እንዳይሳሳቱ ከጤና ኬላው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ የየዕለቱ ጥላ የት እንደሚያርፍ በደብተር እየጻፉ፣ አሥራ አራት ወር ብቻቸውን ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለች ዲላ ሆነው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ባል አልመጣ ሲላቸው፣ ወይዘሮ አልጋነሽ «ጥላ ለሚቆጥር ሰው አንቺ ምኑ ነሽ፤ እናትሽ ቤት ሂጂ» አሏቸው፤ ያን ቀን ምላሳቸውን ቢሰበስቡ ይሻል ነበር። ወይዘሮ አስካለችም ሄዱ።

ዓመቱን ሙሉ ጥላ የማይነካው ከኬላው አቅራቢያ ያለ የቡና ማድረቂያ ሜዳ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ አቶ ሙሐሲን «ደግሞ ፀሐይዋን ልትሻሙኝ መጣችሁ?» ብለው ቢስቁም ጥጉን ሰጡ፣ መሥሪያ ቤቱም ምሰሶና ገመድ ጨመረ፤ ማቀዝቀዣው ከዚያ ወዲያ ሞቆ አያውቅም። ሌሎች አሥራ አንድ ቢሮዎችም «እሳቸው አይተው ይትከሉልን» ብለው አስጠሯቸው። ዲላ ሲመለሱ ግን በር የሚከፍትላቸው አልነበረም። የወይዘሮ አስካለችን ጃንጥላ ከተሰቀለበት ሳያወርዱ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ ሄደው ሚስታቸውን ለማምጣት ግን ኮሩ። ኩራቱ የቤተሰብ ነው።

ጉበታቸውን ታመው በኅዳር 2009 በሃምሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ወንድይራድ እህታቸውን ወይዘሮ አልጋነሽን ትተው ሄደዋል። ከኋላ የተቀመጡት የወይዘሮ አስካለች ስም እዚህ ይግባ አይግባ በሚል ቤተ ዘመድ ሁለት ቀን ተከራክሮ ነበር፤ ከቤት ያስወጧቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸው አስገብተዋቸዋል፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች። ወደ ፊት መጥተው ከወይዘሮ አልጋነሽ ጎን ይቀመጡ።

የሳቱትን ትቶ የደከሙበትን ቆጥሮ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሰው ካለበት ደጅ ያሳርፍልን። አሜን።